ቀይ ከቀይ ጋር፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ሶማሌ ተራ

መዝገብ ላይ እንዲቀመጥልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው። ታደሰ የሚባል ሾፌር፣ ባለቤቴ ትቶልኝ ያለፈውን የናፍጣ ሚኒባስ ዘጠኝ ዓመት ከደብረ ብርሃን ሸኖ ሲያመላልስ የኖረ ሰው፣ «ኩላንት ደባልቆ ሞተር አቃጠለ» ተብሎ ከሥራ ተባረረ። ያባረረው መኪናውን የሚያስተዳድርልኝ ልጄ ዳዊት ነው። ማባረሩ ሳያንስ መናኸሪያ ሄዶ በሾፌሮች ሁሉ ፊት ተናገረበት። ከዚያ ወዲህ ለታደሰ ቁልፍ የሚሰጥ ባለመኪና ጠፋ።

ኩላንት ራዲያተር ውስጥ ገብቶ ሞተሩን የሚያቀዘቅዝ፣ ብረቱንም ከዝገት የሚጠብቅ ፈሳሽ ነው። መካኒኩ የእኛን ራዲያተር ሲፈታው ግን የወጣው እንደ አጥሚት የወፈረ ቡናማ ነገር ነበር። «ሁለት የማይስማሙ ኩላንቶች ተገናኝተው ነው። ረጉና መተላለፊያውን ደፈኑት፤ ሞተሩ ጋለ፤ በሞተሩ ክዳን ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጠለ» አለኝ። ታደሰ ጎማ በቀየረ ቁጥር ብሎኖቹን ሁለት ጊዜ የሚያጠብቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዝም ብሎ አይደባልቅም። የት እንደገዛው ብጠይቀው «ሶማሌ ተራ፣ ሰይድ ጋ፤ ከራዲያተሩ ቀዩን ቀድቼ አሳየሁት፤ አንድ ነው አለኝ» አለ። ማን ደባልቀው እንዳለው ስጠይቀው ግን መሬት መሬት አየ። እንግዲህ ራሴ እሄዳለሁ አልኩ። ዳዊት «በዚህ ጉልበትሽ መርካቶ?» ብሎ ሳቀብኝ። ሳቁ ነው ያስነሳኝ።

አርብ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል

ከመካኒኩ የወሰድኩትን አጥሚት መሳይ ነገር በባዶ የማር ዕቃ ሞልቼ፣ ክዳኑን በፕላስቲክ አስሬ፣ ፌስታል ውስጥ ከተትኩት። የልጅ ልጄ ቤቲ ከመኪናው መጽሐፍ ላይ ስለ ኩላንት የተጻፈውን በወረቀት ገልብጣ ሰጥታኛለች። አውቶቡሱ ውስጥ ረዳቱ ከታሪፉ ሃምሳ ብር አስበልጦ ጠየቀ። ታሪፉ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል አልኩት።

«እናቴ፣ እሱ የድሮ ነው።»

«እንግዲያው አዲሱን ለጥፍና ጥራኝ።»

ከኋላ ያሉት ሳቁ፤ የድሮውን ከፈልኩ፤ እነሱም የድሮውን ከፈሉ። ጫጫን ስናልፍ ሜዳው ላይ አመዳይ ገና አልቀለጠም ነበር። ሸኖ ላይ ቅቤ በቅል የያዙ ሴቶች መስኮት ሥር ተራኮቱ። ታደሰ በየቀኑ ተሳፋሪ የሚያወርድበትን ቦታ አየሁት፤ ሌላ ሚኒባስ ቆሞበታል።

ላምበረት፣ ሦስት ሰዓት ተኩል

መናኸሪያው በር ላይ ፈታሹ ፌስታሌን ከፍቶ አየና «ማዘር፣ ማር ነው?» አለኝ።

«ማር ከመሰለህ ቅመሰው። ቀብርህ ላይ ግን አልገኝም።»

ዕቃውን በሁለት ጣቱ ይዞ መለሰልኝ። ከላምበረት መገናኛ፣ ከመገናኛ ወደ መርካቶ በታክሲ ሄድኩ። መሳለሚያ ወርጄ በእግሬ ገባሁ። ጭድ ተራን ሳልፍ ተሸካሚዎች «መንገድ፣ መንገድ!» እያሉ ያዋክቡኛል። እኔ ግን የጀርባ ሕመም እንጂ የጆሮ ሕመም የለብኝም፤ ሰምቼ በራሴ እርምጃ ሄድኩ።

ቀኑን ግን በደንብ አልመረጥኩትም። አንዋር መስጊድ አካባቢ ስደርስ ሰው ለጁምዓ እየጎረፈ መንገዱን ሞልቶታል፤ ምንጣፉ እስከ ሱቆቹ ደፍ ደርሷል። ዞሬ፣ ጠይቄ፣ እንደገና ዞሬ ሶማሌ ተራ ስገባ ስድስት ሰዓት አልፏል። የአሮጌ መኪና በር፣ መስታወት፣ የተፈታ ማርሽ በየግድግዳው ተሰቅሏል። የሰይድ ሱቅ ተዘግቷል።

ሰባት ሰዓት፣ የተዘጋ በር ላይ

ከጎን ጄሪካንና ማንቆርቆሪያ የምትሸጥ ዘቢባ የምትባል ሴት በርጩማ አወጣችልኝ። «እትዬ፣ ይቀመጡ። ጁምዓ ሄዶ ነው። ከመስጊድ እንደተመለሰ ቶሎ ይጠይቁት፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እንደገና ነጋዴ ይሆናል።»

ሳምቡሳ ገዝተን ተካፈልን። ኩላንት እንዴት እንደሚሸጥ የነገረችኝ እሷ ናት። እዚህ ታሽጎ የመጣውን የሚገዛ ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው ከበርሜል በውሃ ፕላስቲክ እየተቀዳለት ይሄዳል። ሻጩ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ቀይ ነው አረንጓዴ?» ጠንቃቃው ሾፌር ደግሞ ከራዲያተሩ ትንሽ ቀድቶ ያመጣል፤ ሻጩ ብርሃን ላይ ይዞ ያመሳስልለታል።

እኔም በወጣትነቴ እዚሁ መርካቶ ቁራጭ ጨርቅ ይዤ መጥቼ ክር አመሳስያለሁ። ለቀሚስ ይሠራል።

ሰባት ሰዓት ከአርባ

ሰይድ መጣ። የወሎ ሰው ነው፤ አምሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ኮፍያውን ገና አላወለቀም። ሰላም ተባባልን፤ የማር ዕቃውን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አሸተተው፤ በእንጨት ነካው።

«ይሄ ከሁለት ዓይነት ነው» አለ።

«አንዱን የሸጥከው አንተ ነህ። ታደሰ ከደብረ ብርሃን፤ ረጅም፣ ቀይ ሰው።»

«እትዬ፣ እኔ በቀን ስንት ሰው አያለሁ?»

«ትንሽ ቀይ ኩላንት ይዞልህ መጣ። አንድ ነው አልከው።»

«ቀለሙ አንድ ነው ነው ያልኩት። ቀለሙ ደግሞ አንድ ነበር፤ ቀይ ከቀይ ጋር።»

የቤቲን ወረቀት ዘረጋሁለት። አነበበው። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ቀለሙ ማቅለሚያ ብቻ ነው፤ አንዱ ፋብሪካ ቀይ የሚቀባውን ሌላው አረንጓዴ ይቀባዋል። ዋናው ውስጡ ያለው የዝገት መከላከያ ነው፤ እሱ ካልተስማማ ይረጋል። በተለይ የናፍጣ ሞተር ስለሚንቀጠቀጥ፣ ካሚቻ የሚሉት የሲሊንደሩ ሸሚዝ እንዳይበሳ ለናፍጣ የተሠራውን ይፈልጋል። መጽሐፉ የሚለውን ዓይነት መግዛት ነው። ዓይነት ለመለወጥ ከሆነ አሮጌውን ጨርሶ አፍስሶ፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ አጥቦ ነው አዲሱን መሙላት።

«ይህን ሁሉ እያወቅክ ለታደሰ ለምን አልነገርከውም?»

«ሌላ ኩላንት በነጻ ልስጥዎት፣ ይታረቁኝ።»

«ኩላንት ፈልጌ አልመጣሁም። ቃል ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

ዞሮ ዕቃ መደርደር ጀመረ። እኔም በርጩማዬን ወደ በሩ ሳብ አድርጌ ተቀመጥኩ። አንድ ሾፌር ፕላስቲክ ይዞ መጣ፤ የማር ዕቃውን ከፍቼ «ከመግዛትህ በፊት ይህን እይ» አልኩት። አይቶ ሄደ። ሁለተኛው መጣ፤ አይቶ ሄደ። ሦስተኛው ፎቶ አነሳው። ዘቢባ ከጎን «ሰይድ፣ አዲስ ተቆጣጣሪ ቀጠርክ እንዴ?» ትላለች።

«እትዬ፣ ሱቄን ሊዘጉብኝ ነው?»

«አንድ ሰው ሥራ አጥቷል። ያንተ ሱቅ ለአንድ ከሰዓት ቢዘጋ ምን አለበት?»

ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። «አስታውሰዋለሁ» አለ። «ታጥቦ ይሞላ አልኩት። እሱም ታጥቦ ይሞላ አለ፤ ግን መኪናው የኔ አይደለም ብሎ ደወለ። ስልኩን ጮክ አድርጎት ነበር፤ እኔም ሰማሁ። ሰውዬው ‹ቀለሙ አንድ አይደል እንዴ? ተሳፋሪ ቆሞ ይጠብቃል፣ ጨምርበትና ና!› አለው። ታደሰ ሁለት ጊዜ ለመነው። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ያኔ ወደ እኔ ዞሮ ‹ምን ይሻላል?› አለኝ። እኔም ሽያጩን አየሁና ቀለሙ አንድ ነው አልኩት። የኔ ጥፋት ይቺ ናት።»

«ሲደውል ሰውዬውን ማን ብሎ ጠራው?»

«ዳዊት።»

የማር ዕቃዬን ከደንኩ። ሰይድ እስከ ታክሲው ፌስታሌን ይዞልኝ ሸኘኝ፤ «ከፈለጉ እኔው ደውዬ እነግረዋለሁ» አለኝ። አልፈለግኩም። ይህ በስልክ የሚባል ነገር አልነበረም።

መልስ

አውቶቡሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ አንድ ገበሬ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፤ አንድ ወንድ ልጅ አለኝ አልኩት፤ ሌላ አልጨመርኩም። ጉዞው ያስተማረኝን ለሚያነብ ሰው ልጻፈው። የያዛችሁትን ቀለም አትመኑ፤ ዓይነቱን ጠይቁ። የሚያስቸኩላችሁን ሰው ስም ደግሞ ያዙ፤ ሲበላሽ ሌላ ሰው ላይ ያላክካልና።

ቤት ስገባ ዳዊት እራት እየበላ ነበር። የሰማሁትን ነገርኩት።

«ታደሰ ነው የነገረሽ?»

«ታደሰ አንድ ቃል አልተነፈሰም።»

እጁን ታጠበ። «እሺ፣ ወደ ሥራው ይመለስ» አለ።

«እሱ አይበቃም። መናኸሪያ ላይ የተናገርከውን መናኸሪያ ላይ ትመልሰዋለህ።»

«ሰው ፊት ልታዋርጂኝ?»

«መኪናው በኔ ስም ነው። ካልመለስከው ነገ ቁልፉን ለእኔ ታስረክባለህ።»

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ሾፌሮቹ ሻይ ሲጠጡ፣ ዳዊት መሀላቸው ቆሞ «ጨምርበት ያልኩት እኔ ነኝ፤ ታደሰ አይሆንም ብሎኝ ነበር» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ሾፌር «አልተሰማም» አለው፤ ደገመው።

ታደሰ ዳር ቆሞ ነበር። ቁልፉን በእጁ አስቀመጥኩለትና ዳር ወስጄ ጠየቅኩት። በደሉን ሁሉ ተሸክመህ ስትሄድ፣ እኔ ቤት ድረስ መጥተህ እውነቱን ለምን አልነገርከኝም አልኩት። እስካሁን ፍርድ አጉድላ አታውቅም የሚሉኝ ሰው ነኝ፤ እውነተኛ መልስ ይገባኛል ብዬ ነበር የጠየቅኩት።

ቁልፉን እያገላበጠ «እትዬ አስካለ፣ ልጅዎ ነው። እኔን ያምኑኛል ብዬ አላሰብኩም» አለኝ።