«ለሁሉም ክፍት» ያልኩት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። እኔን ነው የፈጀኝ፣ ይበለኝ!

ካዛንቺስ ሰፈራችን ሲፈርስ ጎረቤቱ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ። እድራችን ግን አልፈረሰም፤ ስብሰባውን በስልክ፣ በቪዲዮ አደረግነው። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። ጥሩምባ ነፊያችን ጋሽ በቀለም ጥሩምባቸውን ሰቅለው፣ እኔ የምልክላቸውን ማስታወቂያ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ መለጠፍ ለመዱ፤ ያውም በስተርጅና።

አንድ ቀን የእትዬ አስናቀች ልጅ ዳዊት ሐዋሳ ላይ በመኪና አደጋ ሞተ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። እናት ሳትሰማ ይመከራል፤ በማለዳ ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ይገባል፤ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው ይኖራል። ምክሩን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ስብሰባውን ስከፍት ስልኬ ጠየቀኝ፦ በፈቃድ ብቻ ወይስ ለሁሉም ክፍት? ጠየቀኝ እኮ! በፈቃድ ካልኩ እያንዳንዱን ስሙን እያየሁ ማስገባት ሊኖርብኝ ነው። ሰነፍኩ። ደግሞ ሰው ሞልቶ «አቤት ጸሐፊ!» መባልም አማረኝ። ለሁሉም ክፍት አልኩ። ሊንኩን «አስቸኳይ ስብሰባ» ብዬ ለጋሽ በቀለ ላክሁ፤ እሳቸውም እንደ ወትሮው ግሩፑ ላይ ለጠፉት። እትዬ አስናቀች እዚያ ግሩፕ ውስጥ እንዳሉ ረስቼ ነው ልበል? አልረሳሁም። አላሰብኩም። የትኛው ይብሳል?

አርባ ሰው ገባ። እኔ ቁጥሩን እያየሁ ደስ አለኝ፤ ስሞቹን አላየሁም። የእድሩ ዳኛ «ለእናትየው ነገ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት እንነግራለን» ሲሉ አንድ ድምፅ «የማን እናት ናት?» አለ።

እትዬ አስናቀች ነበሩ። ማንም አልመለሰላቸውም፤ ዝምታችን ነገራቸው። አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ነበሩ። ጩኸታቸውን አርባ ሰው በየስልኩ ሰማ። እኔስ ምን አደረግሁ? ስብሰባውን ዘጋሁት። መዝጋት ያኔ ታወቀኝ፣ እኔ አውሬው!

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ «ይህን ማን አደረገ?» ሲባል፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ወደ ጋሽ በቀለ ዞርኩ። «ለየሰዉ ይደውሉ እንጂ አይለጥፉት አላልኩዎትም?» አልኳቸው። አላልኳቸውም! ምላሴን በቆረጠው! ሽማግሌው ተደናገሩ። «ብለኸኝ ይሆናል፣ ልጄ... ማለቴ፣ ዘንግቼ ይሆናል» አሉ። እድሩ አሰናበታቸው። እትዬ አስናቀች እስከ ዛሬ ሰላም አይሏቸውም።

ባለፈው ለገሃር ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋቸው። «አእምሮዬ ከድቶኝ ሰው ጎዳሁ» አሉኝ። ያኔ እንኳ እውነቱን መናገር አቃተኝ። «እርጅና ነው፣ አይዞዎት» አልኳቸው። እኔ! እርጅና ነው አልኩ!

ቴክኖሎጂው ነው፣ ጥድፊያው ነው አልልም። እኔ ነኝ። ይህን ጽሑፍ እዚያው ግሩፕ ላይ ራሴ፣ በስሜ እለጥፈዋለሁ፤ የፈለገ ያንብበው። ጋሽ በቀለ ምንም አልዘነጉም። እትዬ አስናቀችም በራቸውን ቢዘጉብኝ አላንኳኳም።