መስኮቱና ቫይኪንጎቹ

እኔ እኮ የሰማሁት አይጠፋኝም፤ ስወለድ አዋላጇ የለበሰችው ቀሚስ እንኳ ትዝ ይለኛል። ስለዚህ አስቴርዬ፣ ይሄን ጠብ ሳላደርግ ነው የምነግርሽ።

ከጉንፋን ገና መነሳቴ ነው። የልጅ ልጄ ሕይወት "አያቴ፣ ነይ፣ ሙቀት አለ፣ ሻዩም ነፃ ነው" ብላ አታላ እዚህ ሄግ፣ ላክ የሚባለው ሰፈር ያለ አዳራሽ ወሰደችኝ። አንድ ጺማም ሆላንዳዊ ግድግዳ የሚያህል ካርታ ሰቅሎ፣ ቫይኪንጎች የሚባሉት የድሮ የሰሜን መርከበኞች የሰፈሩባቸውን አገሮች አየር ያወዳድራል። መስኮቱን በርግዶ፣ እሱ በሸሚዝ ከሥሩ ተገትሯል።

ተነስቼ ዘጋሁት። ከፈተው። ደግሜ ዘጋሁት። ደግሞ ከፈተው!

"ንፋስ ይመታሃል በይው" አልኳት ሕይወትን።

"ንፁህ አየር ነው ይልሻል። ቫይኪንጎች ግሪንላንድ በረዶ ላይ ኖረዋል።"

"አሁን የት አሉ በይው።"

ጠየቀችው። "ጠፍተዋል፤ ለምን እንደጠፉ ግን ሊቃውንቱ አልተስማሙም" አለ።

"እኔ ልንገረው! መስኮት የሚዘጋላቸው አሮጊት አጥተው ነው።"

ሕይወት አፍራ አልተረጎመችለትም።

ሰውየው ካርታው ላይ ወዳለችው የፈረንሳይዋ ኖርማንዲ ዞሮ ለዘብ ያለ አየሯን፣ ፖሟን ሲያወድስ ቆየ። ከዚያ "ወደ ግሪንላንድ እንመለስ" ብሎ ሊዞር ሲል አንገቱ እምቢ አለ። ኖርማንዲ ላይ ቀረ! ዓይኑን ብቻ ወደ እኔ አንከባለለና በጣቱ መስኮቱን እያሳየ "ሜቭራው፣ እሜቴ፣ እባክዎ…" አለኝ። ይሄን ያለ አስተርጓሚ ገባኝ።

በይ ዛሬ ማታ ደውዪልኝ፤ ካልደወልሽ እቀየምሻለሁ። መጀመሪያ ግን መስኮትሽን ዝጊ!