ሰው ጋ የተቀመጠ ፋይል

ባሌ ኮምፒውተር አይጠላም፤ አያምነውም እንጂ። አንድ ወረቀት ስካን ባደረገ ቁጥር ለሆነ ሰው ይልከውና "አደራ፣ አንተ ጋ ትቀመጥልኝ" ይላል። ከዚያ ቦታ ያጣብብብኛል ብሎ ከራሱ ስልክ ላይ ያጠፋዋል። የልጃችን የልደት ሰርተፊኬት ሮዝዌል ያለችው እህቱ ጋ ነበር። የመኪናው ኢንሹራንስ አብሮት ኤርፖርት የሚሠራ ሾፌር ጋ። የጋብቻ ወረቀታችን እንኳ ለሦስት ዓመት የኖረው የነፍስ አባታችን ስልክ ውስጥ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እያልኩ አሾፍበታለሁ።

እኔ የእሱ ተቃራኒ ነኝ። ማሪዬታ ካለው ቤታችን ሆኜ የአንድ ክሊኒክ ፋይሎችን እይዛለሁ። የሥራው ላፕቶፕ ላይ የቤት ነገር አይገባም፤ የቤቱ ላይም የሥራ አይገባም። እያንዳንዱ ፋይል ስሙና ቀኑ ተጽፎበት በየፎልደሩ ይቀመጣል። ባሌ "ያንቺ ኮምፒውተር ውስጥ ጫማ አውልቆ ነው የሚገባው" ይለኛል።

ከሁሉም የምታናድደኝ የዜግነት ወረቀቱ ነበረች። በራሱ መኪና መንገደኛ ስለሚያመላልስ የንግድ ፈቃዱን በየዓመቱ ያሳድሳል፤ ከፎርሙ ጋር የዜግነት ወረቀቱን ኮፒ ይጠይቁታል። ዋናው ወረቀት ቁም ሳጥናችን ውስጥ አለ። እሱ ግን ስካኑን የሚያስልከው ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ሊቶኒያ ከሚኖረው ሚዜው ነው። ከሚዜው ጋር ደግሞ ተኳርፈዋል።

የተኳረፉት የባሌ እናት አዲስ አበባ ያረፉ ጊዜ ነው። እዚህ በሰው አገር ለቅሶ ተቀምጠን የቀረ ሰው አልነበረም፤ ሚዜው ብቻ ሳይመጣ ቀረ። አዲስ የተቀጠረበት መጋዘን ፈቃድ ከልክሎት ነበር። ባሌ ግን "ጠላት እንኳ ለቅሶ ይደርሳል" ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ሰርግ ላይ ሲገናኙ አንዱ ከዚህ ጥግ፣ ሌላው ከዚያ ጥግ ነው። በዓመት አንድ ቀን ግን ባሌ ይደውላል።

"ያቺን ወረቀት ቴክስት አድርጋት።"

"እሺ። ደረሰች?"

"ደርሳለች።"

አለቀ። ሰላምታ የለ፣ ስንብት የለ። "ፈቃዱን ነው የምታሳድሰው ወይስ ኩርፊያውን?" እያልኩ እስቅበት ነበር።

አምና አንድ ቅዳሜ ትዕግሥቴ አለቀ። ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ደውዬ የተበተኑትን ወረቀቶች ሰበሰብኩ። የዜግነቱን ከቁም ሳጥን አውጥቼ ራሴ ስካን አደረግኩት። ሥራ፣ ቤት፣ መኪና ብዬ በየፎልደሩ ከፋፈልኩለት። "በቃ፣ ከእንግዲህ ሰው አታስቸግርም" አልኩት፣ የተሾምኩ ያህል ኮርቼ። አየው አየውና "ጎበዝ ነሽ" አለ። ደስ ያለው መስሎኝ ነበር። ጥር ላይ ፈቃዱን እኔው ቁጭ ብዬ በአሥር ደቂቃ አሳደስኩለት።

መጋቢት ላይ ሚዜው ደወለልኝ። ከተኳረፉ ወዲህ ለእኔም ደውሎ አያውቅም።

"እህቴ፣ ሥራውን ተወው እንዴ?"

"ኧረ አልተወም። ምነው?"

"ሪኒው የሚያደርገው ጃንዋሪ ላይ ነበር። ወረቀቷን ሳይጠይቀኝ ቀረ። እኔ እኮ ኒው ይር ሲመጣ አውጥቼ አዘጋጅቻት ነው የምጠብቀው። አሞት ይሆን ብዬ ነው።"

ደህና መሆኑን ነግሬው ስልኩን ስዘጋ አፍሬ ነበር። ዝርክርክነት እያልኩ የሳቅኩባት ነገር በሁለቱ መካከል የቀረች አንዲት ክር ነበረች። የበጠስኳት እኔ ነኝ፣ ያውም በፎልደር።

ባሌ ከሥራ ሲገባ ነገርኩት። ጃኬቱን ሳያወልቅ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ፎልደሩን ከፈተ። ወረቀቷ ከነስሟ ከነቀኗ ቁጭ ብላለች። እሷኑ እያየ ደወለ።

"ያቺ ወረቀት ጠፋችብኝ" አለው።

"አሁኑኑ ቴክስት ላድርጋት?" የሚለው የሚዜው ድምፅ እኔም ጋ ደረሰ።

ባሌ ፎልደሩን ዘጋው። "አይ፣ ስልኬ አልከፍት እያለኝ ነው። ፕሪንት አድርገህ ይዘሃት ና።"

ባሌ ውሸት አይችልበትም፣ ጆሮው ይቀላል። ያን ቀን ግን ጥሩ አድርጎ ዋሸ።

እሑድ ከሰዓት ሚዜው መጣ። ከሊቶኒያ እኛ ድረስ ከተማውን ሙሉ አቋርጦ፣ አንዲት ገጽ ይዞ። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሷል። ወረቀቷን ለእኔ አቀበለኝና ሳሎን ገብቶ ባሌ ፊት ቆመ።

"እግዚአብሔር ያጽናህ" አለው።

አማቴ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ባሌ ተነሥቶ አቀፈው፤ "ቆየህ እኮ" አለና፣ በለቅሶው ሰሞን እንኳ አልቅሶት የማያውቀውን ልቅሶ ትከሻው ላይ አለቀሰ።