ወፍራሙና ቀጭኑ ዘንግ

በአውቶቡስ ጋራዡ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም፤ ሁሉም “ፌርማታ የለሽ” ነው የሚላት። የስምሪት ክፍል ሠራተኛ ናት። የትኛው አውቶቡስ በየትኛው መስመር እንደሚወጣ፣ የቀረውን ሾፌር ማን እንደሚተካው የምትወስነው እሷ ናት። ወንበር ተሰጥቷታል፣ ግን ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሹራቧ ነው። እሷ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ቆልፋ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ ግቢ ስትል ትውላለች። ባሏ በተቃራኒው ልብስ ሰፊ ነው፤ ከስፌት መኪናው ፊት ካልጠሩት አይነሳም። “እኔና አንቺን ያገናኘን አምላክ አንድ ሙሉ ሰው ሊሠራ አስቦ ነው፤ መቀመጫው እኔ፣ እግሩ አንቺ” እያለ ያሾፍባታል። ልጃቸው ተድራ ከቤት ከወጣች ወዲህ ደግሞ ባሰባት። እራት እየበሉ ብድግ ብላ ቁም ሳጥን ማዟዟር ጀመረች።

ታዲያ በዚያ ሰሞን አሮጌው የጎማ መጋዘን ባዶ ሆነና ሠራተኛው “ጂም ይሁንልን” አለ። ሥራ አስኪያጁም ፈቀዱ። ግድግዳው ተቀባ፣ ትልቅ መስታወት ተሰቀለ፣ የጎማ ምንጣፍ ተነጠፈ። የቀረው ብረቱ ነበር። የሚገዛው አንድ የክብደት ማንሻ ዘንግ ብቻ ስለሆነ ጠቡ እዚያ ላይ ተነሣ። መካኒኮቹ “ወፍራምና ከባድ ካልሆነ ምኑን ብረት ሆነ” አሉ። አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑት ትኬት ቆራጮች ደግሞ “እኛስ በጥርሳችን ልናነሳው ነው?” ብለው ተቆጡ። ሾፌሮቹ የታመመ ወገባቸውን እያሻሹ ዳር ቆሙ። ጭቅጭቁ ሥራ አስኪያጁን ሲያንገሸግሻቸው፣ “ብረት ነክታ የማታውቅ ሰው ትምረጥ፤ ለማንም አታደላም” ብለው ፌርማታ የለሽን ላኳት። እሷ መውጣቷን እንጂ ብረቱን መች አሰበችና! ደስ ብሏት ቦርሳዋን አነሣች።

መካኒኮቹ ግን አላመኗትም፤ አለቃቸውን አስከተሉባት። እሱን “ክሬን” ይሉታል። ደረቱ በር ይሞላል፤ ሞተር ሲወርድ ማንሻው እስኪመጣ አይጠብቅም።

የስፖርት ዕቃ ሻጩ ሁለት ዘንግ አወጣላቸው። አንዱ ወፍራምና ረጅም ነው። ሁለተኛው ቀጠን ያለ፣ አጠር ያለ፣ ብዙ ክብደት የማይጫንበት፣ መዳፍ ውስጥ በደንብ የሚገባ ነው። ክሬን ቀጭኑን በዓይኑም አላየው።

“ይሄማ የመጋረጃ ዘንግ ነው” አለ። ወፍራሙ ላይ ግራና ቀኝ ክብደት ጫነ፣ እግሩን ከፈት አድርጎ ቆመና ጎንበስ አለ። ሻጩ በዚያው ስልክ ሊያነሣ ወደ ጓዳ ገባ።

ብረቱ ጉልበቱ ጋ ደረሰ። ከዚያ የቀኝ እጁ እንዲሁ ተከፈተ። ዘንጉ በአንድ ጎኑ ተዘቅዝቆ መሬቱን ሲመታው የሱቁ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ክሬን እንዳጎነበሰ ቀረ። ጣቶቹን የሌላ ሰው ጣቶች ይመስል ያያቸዋል፤ ሊጨብጣቸው ይሞክራል፣ አይጨበጡም።

“ላብ ነው” አለ።

ላብ አልነበረም። ፌርማታ የለሽ እንደ ወጡ በሩ ላይ ያዘችው።

“ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ።”

“ከጀመረኝ ብዙ ጊዜ ሆኖታል” አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ይደነዝዘኛል። መፍቻ ኪያቤው ከእጄ ይወድቃል። የጋራዡ ልጆች ከሰሙ አለቀልኝ፤ ክሬን ዕቃ ጣለ ከተባለ ምን ቀረኝ?”

“ሐኪም አይቶሃል?”

“ሐኪም ምን ያውቃል!”

“ታዲያ ማን ይወቅልህ፣ የሞተሩ ካንዴላ?”

ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ ግን ፊቱ ጠየመ። “አደራሽን እህቴ። ለማንም።”

“እሺ” አለች። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ፀፀታት፤ ምክንያቱም አፏም እንደ እግሯ ማረፍ አያውቅም።

በማግስቱ ብቻዋን ወደ ሱቁ ተመለሰች። ወፍራሙን ጨበጠች፣ ቀጭኑን ጨበጠች፣ ወጣች። እንደገና መጣች። ሻጩ በመጨረሻ ትዕግሥቱ አልቆ፣ “እመቤቴ፣ ዘንጉን ሊገዙት ነው ወይስ ሊያገቡት?” አላት። እሷ ግን የምታስበው ሌላ ነበር። ወፍራሙን ብትወስድ ክሬን በእልህ ያነሣዋል፤ አንድ ቀን ደረቱ ላይ ወይም የሰው እግር ላይ ይጥለዋል። ቀጭኑን ብትወስድ መካኒኮቹ በጥርሳቸው ይበሏታል። ቀጭኑን ወሰደች።

ዘንጉ ጋራዡ ውስጥ ከማሸጊያው ሲፈታ ጫጫታው ሰማይ ነካ። “ለሴቶቹ አደላሽ!” አለ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው። ክሬን ከኋላ ቆሟል። አየችው፤ እሱ ጣሪያውን አየ።

“አዎ፣ አደላሁ!” አለች። “እጄ ትንሽ ነው፣ ለእጄ የሚሆን ገዛሁ። ያነሰበት ውጭ ወጥቶ አውቶቡስ ያንሣ!”

ከዚያ በኋላ መካኒኮቹ ሰላምታ ነፈጓት። አውቶቡስ ቶሎ ጠግኑልኝ ስትል “ተራውን ይጠብቅ” ይሏታል። እሷም እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ እየመጣ ውጣ ትመልሰዋለች። ቤት ስትገባ አንዱን ሳህን ሁለቴ ታጥባለች።

“ምን ሆነሽ ነው?” አላት ባሏ።

“ምንም።”

“ምንም እንዲህ ሰው አያቅበጠብጥም።”

ለእሱም አልነገረችውም። በመጨረሻ ግን ሲብስባት ክሬን አውቶቡስ ሥር ተኝቶ ወደሚሠራበት ጉድጓድ ሄዳ ቁልቁል ጮኸችበት። “ስማ ጋሼ! አፍ ዘግቶ መኖር ለእኔ በሽታ ነው። አንተ ካልታከምክ ቀድሜ የምሞተው እኔ ነኝ!”

ክሬን ከጉድጓዱ ቀና ብሎ አያት። በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄደ።

የእጁ አንጓ ላይ ነርቭ ታፍኖ ኖሯል። ቀላል ቀዶ ሕክምና ተደረገለትና እጁ ተጠቅልሎ ተመለሰ። ሁሉም ጂሙ ውስጥ ከበቡት። ሰበብ ሊፈጥር ይችል ነበር፤ አልፈጠረም።

“ሱቁ ውስጥ ብረቱን ጥዬዋለሁ” አለ። “እሷ አይታለች። ቀጭኑን የገዛችው ለእኔ ነው፤ ስድቡንም ለእኔ ነው የጠጣችው።”

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው አፉን ከፍቶ ቀረና፣ “እና ይሄን ሁሉ ጊዜ አልተናገረችም? ፌርማታ የለሽ?” አለ። ከክሬን እጅ ይልቅ ይሄ አስደነቃቸው። ሳቁ ፈነዳ፤ በዚያው ሳቅ ውስጥ አንድ ሁለቱ ይቅርታ ጠየቋት።

ክሬን ዛሬ ቀጭኑን ዘንግ ከትኬት ቆራጮቹ ጋር ተራ ጠብቆ ያነሣል። ትንሿ ጣቱ ግን ከድንዛዜዋ አልተመለሰችም። ሐኪሙ “ትንሽ ቀደም ብለህ ብትመጣ ኖሮ” ብሎት እንደነበር እንደ ዋዛ ሲያወራ ፌርማታ የለሽ ሰምታለች። ያ ነገር ከእሷ ጋር ቀረ። ያን ቀን ከሱቁ በር ላይ እጁን ይዛ ሐኪም ቤት ብትወስደውስ? ቃሏን ብታፈርስስ? ባሏ “ያለፈ ነገር ነው፣ ተይው፣ ቁጭ በይ” ይላታል። ትቀመጣለች። ሻይዋን ፉት ትላለች፣ የጠረጴዛውን ልብስ ታስተካክላለች፣ ከዚያ ተነሥታ መስኮቱን ትከፍታለች፤ ሞቀኝ ብላ።