ከምስር ሾርባው የጎደለው መስመር

«ድስቱ ተጣደና ቤቱን ደስ ደስ አለው…» ይላል አራሚው፤ ከዚያ ይቆማል። ሁለተኛው ስንኝ ጠፍቶበታል። እናቱ ምድጃ ዳር ስታዜመው ነው የሰማው። ዜማው ከነልስላሴው አለ፣ ቤት መምቻው ግን የለም። ስለዚህ «እም… እም…» እያለ ያባብለዋል፤ የወለቀ ጥርስን ቦታ በምላስ እንደሚዳስስ ሰው።

ሃያ ስድስት ዓመት በማተሚያ ቤቱ የሰው ስህተት ሲለቅም ኖሯል። እሱ አንብቦ ካልፈረመበት ማሽኑ አይነሳም። በዚህ ሁሉ ዘመን ግን እንቁላል እንኳ ጠብሶ አያውቅም፤ የምታበስልለት ታላቅ እህቱ ናት። ሁለቱም ሳያገቡ በአንድ ጣሪያ ሥር ሸብተዋል። ባለፈው ሰኞ እህቱን ደረጃ አዳለጣትና ቀኝ እጇ ተሰበረ።

በዚያው ሳምንት የሥራ ጠረጴዛው ላይ ለእርማት አንድ መጽሐፍ አረፈ፤ ማጀት ገብተው ለማያውቁ ሰዎች የተዘጋጀ፣ አሥራ ሁለት ቀላል የቤት ምግቦች። ያዘጋጀችው ስመ ጥር ሼፍ ናት፣ የራሷ የምግብ ትምህርት ቤት ያላት። «ፈጣሪ ሲወድህ እንዲህ ነው» አለና የእርማት ወረቀቱን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይዞት ሄደ።

በምስር ሾርባ ጀመረ። ወረቀቱ «ምስሩን፣ ቲማቲሙንና ውሃውን በአንድነት ጥደው ሃያ ደቂቃ ያብስሉ» ይላል። እሱ ደግሞ የተጻፈ ነገር የሚያከብር ሰው ነው። የግድግዳውን ሰዓት አውርዶ ከምድጃው አጠገብ አቆመው። ሃያ ደቂቃ ሞላ፤ ምስሩ ጠጠር ነው። አርባ ሞላ፤ አሁንም ጠጠር። ደፋው። በማግስቱም እንደዚሁ። እህቱ የጎረቤት ሾርባ ጠጥታ ተኛች፤ እሱ ደረቅ ዳቦውን ማጠቢያው ላይ ተደግፎ ቆሞ በላ።

«እትዬ፣ የእኔ እጅ ለዚህ አልተፈጠረም» አላት፣ አንገቱን ደፍቶ።

በሦስተኛው ቀን እህቱ ጀሶ የታሰረ እጇን አቅፋ ወደ ማጀት ብቅ አለች።

«ይኸ ደግሞ ምንድን ነው? ለግንበኛ ነው የምታበስለው?»

«እንደ ተጻፈው ነው የሠራሁት።»

«ቲማቲሙን መቼ ጨመርከው?»

«ከመጀመሪያው፣ ከምስሩ ጋር።»

«ውይ ወንድሜን! ኮምጣጣ ነገር ቀድሞት ከገባ ምስር መቼ ይበስላል? መጀመሪያ ምስሩ ይለስልሳል፣ ቲማቲሙ ኋላ ነው። ይኸን ያላወቀች ሼፍ ደግሞ የት አገር ነው ያለችው?»

አራሚው ቀስ ብሎ መነፅሩን አወለቀ። ከዚያ ወረቀቱን ዘርግቶ ከአንደኛው ገጽ ጀምሮ ጮክ ብሎ ያነብላት ጀመር። ሩዙን ሳያቋርጡ ያማስሉ ይላል። «ሙጫ ሊሆን!» አለች። ለድንቹ ሾርባ ውሃ ስንት እንደሚገባ አልተጻፈም። ኬኩ ምድጃው ሳይግል ይገባል። ከአሥራ ሁለቱ ምግቦች ዘጠኙ አንዳንድ ነገር ጎድሏቸዋል፤ እያንዳንዱ አንድ፣ ከአንድ አይበልጥ፣ ከአንድ አያንስ።

«ይኸ ስህተት አይደለም» አለ። ስህተትን ያውቀዋል፤ ስህተት እንደ ዝናብ ያገኘው ላይ ይወርዳል። ይኸኛው ቦታ እየመረጠ የተነቀለ ነው። ደሙ ፈላ። ሁለት ቀን ሙሉ በገዛ እጁ ሲያፍር የከረመው ለካ በሰው ተንኮል ነው!

በማግስቱ ሼፏ የመጨረሻውን ወረቀት ልትፈርም መጣች፤ ሥራ አስኪያጁ ወንበር ሳበላት፣ የኅትመት ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ማሽኒስት እጁን በጨርቅ እየጠረገ በር ላይ ቆመ። አራሚው ዘጠኙን ገጾች ደረደረላት።

«እነዚህ ምን ሆነው ነው፣ እመቤት?»

ሳቀች። «ጋሼ፣ እርስዎ ፊደልዎን ይልቀሙ። ሁሉንም ከነገርኳቸውማ ትምህርት ቤቴ ማን ይመጣል? ሙያ ይሰረቃል እንጂ አይሰጥም።»

«የማይሰጡ ከሆነ ለምን ይሸጡታል?»

«አይ እንግዲህ፣ ከኩሽና ነገር ምን አለዎት?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ይፈርሙልን፤ ማሽኑ እየጠበቀ ነው።»

አራሚው ከመሳቢያው የምሳ ዕቃ አወጣ፤ ንጋት ላይ ቃል በቃል በመጽሐፉ መሠረት የሠራው ሾርባ ነው። ማንኪያ ጨምሮ ለአለቃው፣ ለሥራ አስኪያጁ ሰጠው። አለቃው ለይሉኝታ አንድ ጉርሻ አፉ ውስጥ ከተተ፤ ነከሰ።

«ጥርሴን!»

በር ላይ የቆመው ማሽኒስት ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ፊቱ ተለወጠ። «ቆይ እስኪ… እኔም ተበላሽቶ የተጣለውን የሙከራ ወረቀት ቤቴ ወስጄ ሾርባውን ሞክሬው ነበር፣ ጋሼ። ሦስቴ! ሚስቴ አራስ ናት፣ ትኩስ ነገር ላበላት ብዬ። የማልረባ ነኝ ብዬ ተውኩት እኮ።»

አራሚው ወደ ሼፏ ዞረ።

«ሰሙ? ጀማሪ ሰው ሲበላሽበት መጽሐፉን አይጠረጥርም፤ እጁን ነው የሚጠረጥረው። እርስዎ የሰረቁት ቲማቲሙን አይደለም፣ የሰውን እጅ ነው። አራስ እየጠበቀችው ባዶ ማንኪያ ይዞ የቆመን ሰው! የእርስዎ ስም ሽፋኑ ላይ ነው፤ የእኔ ፊርማ መጨረሻው ገጽ ላይ። ትንሽ ናት፣ ግን የእኔ ናት። አልፈርምም!»

«አለቃ፣ ይሄን ሰውዬ ዝም አያሰኙትም?»

አለቃው ጉንጩን ይዟል። «እሳቸው ካልፈረሙ ማሽኑ አይነሳም፣ እመቤት» አለ፣ በግማሽ አፉ።

አንዴ ቦርሳዋን አነሳች፣ ግን ወደ በሩ አልሄደችም፤ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ እንደቆመች፣ ቃሏን እንደ መራራ ፍሬ እየተፋች፣ ዘጠኙን መስመሮች አንድ በአንድ አስጻፈችው። ቀይ እስክሪብቶው ሮጠ፤ አራሚው ዘጠነኛውን ጽፎ ሲጨርስ ፈረመ። ማሽኒስቱ የምስሩን መስመር በራሱ መዳፍ ላይ ጽፎ ወጣ።

ማምሻውን አራሚው ምስሩን ብቻውን ጣደ። ጠብቆ አንዷን ፍሬ በጣቱ ጫን አድርጎ አያት፤ እንደ ቅቤ ተንሸራተተች። ቲማቲሙን ያኔ ጨመረ።

«ድስቱ ተጣደና ቤቱን ደስ ደስ አለው፣ እም… እም…»

ከውስጠኛው ክፍል የእህቱ ድምፅ መጣ፣ ጎርነን ብሎ፣ የእናታቸውን አስመስሎ፦

«ብቻዬን አልበላም፣ ወንድሜን ና በለው።»

አራሚው ማማሰያውን እንደያዘ ቀረ። «እስከ ዛሬ ታውቂው ነበር?»

«መቼ ጠየቅከኝና?»

ሁለት ሳህን ቀዳ። እህቱ በግራ እጇ እንደ ምንም ቀመሰች፤ እሱ ከአናቷ በላይ ቆሞ ዓይን ዓይኗን አያት።

«ጨው አንሶታል።»

«ስንት?»

«ኧረ ቁጭ በል አንተ ሰው! ሳምንቱን ሙሉ እንደ ዘበኛ ቆመህ በላህ።»

ወንበሩን ሳበ፤ ተቀመጠ። ቀዩን እስክሪብቶ ከኪሱ አውጥቶ ከጨው ዕቃው አጠገብ አኖረውና ማንኪያውን አነሳ።