እህቴ የከለከለችኝ ዘምዘም

እኔ ሰው ሲያዝንልኝ ደሜ ይፈላል። አንገቴ ላይ ያበጠው ዕጢ ሊምፎማ የሚባል ካንሰር ነው ሲሉኝ፣ መጀመሪያ ያስጠነቀቅኳት ታላቅ እህቴን ነበር። «ወላሂ እንባሽን ካየሁ ኦብሑር ስሠራበት የነበረው ማዳም ቤት ተመልሼ እገባለሁ!» አልኳት። አላለቀሰችም። በግዳዲያ ሠፈር ባለችው ጠባብ የስደት ክፍላችን ሾርባ እየሠራች ስትነዘንዘኝ ከረመች።

ኬሞውን ጀምሬ ደህና ሆንኩ ስል ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። ደረጃ መውጣት አቃተኝ፤ በጀርባዬ ስተኛ ስለምታፈን ትራስ ተደግፌ ቁጭ ብዬ ማደር ሆነ። ሆስፒታል ሄድን። ሱዳናዊው ሐኪም ልቤን በአልትራሳውንድ አይቶ፣ «ልብሽ ዙሪያ ውሃ ተጠራቅሟል፤ በሽታው ያመጣው ነው። ተኚና እንቀዳዋለን» አለኝ። ለእህቴ እንዳለ ተረጎምኩላት። እሷ ግን ከዚያ ሁሉ የያዘችው «ውሃ» የሚለውን ብቻ ነው።

ከዚያማ ወዮልኝ! አልጋዬ አጠገብ ያለውን የውሃ ጠርሙስ አነሳች። የአገራችን የወሎ ልጆች ከኑዝላ ሠፈር ሊጠይቁኝ ሲመጡ፣ እንደ ደንባችን ለበሽተኛ የመካውን የበረከት ውሃ፣ ዘምዘም፣ በጀሪካን ይዘው ነበር። ተቀብላ አልጋው ሥር ሸጎጠችው።

«እንዴ! ዘምዘም እኮ ነው» አሏት።

«በረካነቱን መች አጣሁት? ግን ውሃ ነው። በላይ በላዩ ልጨምርባት ነው? ልቧ ላይ ይወርዳል!»

ጉሮሮዬ ደርቆ ብጮኽባትም አልሰማችኝም፤ ከንፈሬን በእርጥብ ጨርቅ አበሰችልኝ።

ወደ ማከሚያው ክፍል ሊወስዱኝ ሲሉ ግን ፉከራዬ ሁሉ ጠፋ። ፈራሁ። ልቤ እዚያው ታፍኖ ቢቆምስ? እጇን ይዤ፣ «ከዳንኩ መካ አብረን እንሄዳለን፤ ጠዋፉን በእግሬ ዞሬ ነው የማደርገው» አልኳት።

«ኢንሻ አላህ» አለች። «መካ ሐረም መስጊድ ገብተን አብረን እስክንጠጣ ድረስ ዘምዘም በእኔም አፍ አይዞርም።»

ከደረት አጥንቴ ሥር በመርፌ ገብተው ቀይ ሻይ የመሰለ ፈሳሽ ቀዱልኝ። ትንፋሼ ወዲያው ቀለለኝ። ሐኪሙ የተሰነጠቀ ከንፈሬን አይቶ ነገሩን ሲሰማ ሳቀ። «የምትጠጣው ውሃ እኮ ልቧ ዙሪያ አይሄድም፤ ስጪያት!» አላት። እህቴ በተሰባበረ ዐረብኛዋ፣ «ታዲያ ቀድመህ አትነግረኝም!» ብላ ተቆጣችው።

ከዚያ በኋላ ውሃ በላይ በላዩ ታጠጣኝ ጀመር። ጀሪካኑን ግን እንደታሸገ ቤት ወስዳ አስቀመጠችው። ስለት ስለት ነው አለች።

ኬሞው አለቀ፤ ዕጢው ጠፋ፣ ልቤም ዙሪያ የተጠራቀመ ነገር የለም አሉኝ፤ አልሐምዱሊላህ። ከቤታችን ለዑምራ ጉዞ ነይተን ተነሥተን መካ ገባን። ሐረም በር ላይ፣ «ተሽከርካሪ ወንበር ልፈልግልሽ?» አለችኝ። ገላመጥኳት። ጠዋፉን በእግሬ ዞርኩ፤ እሷ ዓይኗን ከደረቴ ላይ ሳትነቅል ከጎኔ ነበረች።

ሶላታችንን ሰግደን ዘምዘሙ ጋ ስንደርስ፣ ቀድታ መጀመሪያ ለእኔ ሰጠችኝ። ጠጣሁ። ለራሷ ቀዳች፤ ደገመች፤ ሠለሰች። እንደዚያ ተጠምታ ኖራለች ለካ! አንጀቴን በላችው። ግን እኔ ደግሞ አርፌ አልቀመጥ፣

«እታለም፣ ቀስ በይ እንጂ፤ ልብሽ ላይ ይወርዳል!» አልኳት።

ትን አላት። ስትስቅ ስትስቅ ያን ሁሉ ጊዜ የከለከልኳት እንባ መጣ። አሁን አልከለከልኳትም፤ እኔም እያለቀስኩ ነበር።