ላሟን ፈቀቅ አድርጋት

የሃርለሙ ሠዓሊ ጎሰን ከከብትና ከእረኛ በቀር ሌላ አይሥልም ነበር። ዛፉን፣ ወንዙንና ሰማዩን ሌሎች ሥለው ሸራውን ይልኩለታል፤ እሱ ላሞቹን ያስገባል። ላሟ የምትቆምበትን ቦታ በቡናማ ቀለም ጫር አድርገው ምልክት ይተዉለታል። ጎሰን ምልክቱን በቢላ ይፍቅና ላሟን እዚያው ያቆማታል። ገዢ መጥቶ «ይቺን ላም ትንሽ ፈቀቅ አድርጋት» ካለው፣ እንደ እረኛ አፏጭቶ «ሂጂ!» ይልና በአዲስ ቀለም ያዛውራታል። እኛ ጎረቤቶቹ በዚህ ስቀን አንጠግብም።

ሳቁ የቀረው በዌይብራንት ሥዕል ነው። ዌይብራንት ሜዳና ውሃ የሚሥል የልብ ወዳጁ ነው፤ በዚያ ክረምት ትንሿ ልጁ ኔልቼ በወረርሽኝ ሞታበታለች። ወደ አምስተርዳም ሲሄድ አንድ ሸራ ላከለት። ጎሰን ከውሃው ዳር ቡናማ ጭረት አየ፤ እንደ ልማዱ ፍቆ የምታምር ቀይ ላም አቆመበት።

ሰንበት ብሎ የዌይብራንት ሚስት ማክቴልት መጣች። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ኔልቼዬን አየሃት?» አለችው ገና ከበሩ። «ባሌ ሰው መሣል አይሆንለትም፤ ግን ከውሃው ዳር ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ የሣላት ቁርጥ ራሷን ናት። ጎሰን አይቶ ያውቃታል ብሎ ነው ያልነገረህ።»

ጎሰን ክው አለ። ያቺን ልጅ ስንት ጊዜ አዝሏታል።

ማክቴልት ሸራው ላይ ዓይኗን አንከራተተች። «የታለች ታዲያ?»

«ከላሟ ጀርባ» አለ። አይ ፈሪ! ብዬ በልቤ ሰደብኩት።

እሷ ግን ፈገግ አለች። «ድብብቆሽ ስትወድ! በል ወንድሜ፣ ለሀብታሞቹ እንደምታደርገው ላሟን ፈቀቅ አድርጋትና ልያት።»

ብሩሹን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። «የለችም፣ እቴ። ምልክት መስላኝ ፍቄ ጣልኳት።»

ወለሉን አየችው፤ ንጹሕ ነበር። «ፍቅፋቂውን የት ደፋኸው?»

«ደጃፉ ላይ ባለው የውሃ ቦይ ውስጥ።»

ወጥታ ቦዩ ዳር ጀርባዋን ሰጥታን ተቀመጠች፤ ትከሻዋን ሰብሰብ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ። ጎሰን በመስኮቱ ሲያያት ቆየ።

«እንዲህ ነበረች» አለኝ። «ጭረቷ ልክ እንዲህ ነበረች። እንዴት አላወቅኳትም?»

እስኪሞት ድረስ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነበር።